5 ሳጥን ሴንሰር ለ45 ቀን

ለአዲስ አንባቢዎች፦ እኔ ሐኪም አይደለሁም። 27 ዓመት ኢንሱሊን የወጋሁ፣ ኮዬ ፈጬ 4ኛ ፎቅ ላይ የምኖር ሴት ነኝ። የመድኃኒት መጠን የሚጨምረውም የሚቀንሰውም ሐኪማችሁ ነው። እኔ ጋ ያለው የኑሮው ዘዴ ነው። የዚህ ወር ደብዳቤዎች ሦስት ናቸው፣ ሦስቱም ክንድ ላይ ተለጥፎ ስኳርን ስለሚለካው ሴንሰር።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የ12 ዓመት ልጄ ስኳር ከተገኘባት 4 ዓመት ሆናት። ቶሮንቶ ያለችው እህቴ ሊብሬ 2 የሚባለውን ሴንሰር ከነሪደሩ (ቁጥሩን ከሚያሳየው መሣሪያ ጋር) ትልክልናለች። ሐምሌ ላይ የእህቴ ሠርግ ነው፤ ልጄ ከአባቷ ጋር ለ45 ቀን ትሄዳለች። እኔ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ አላገኘሁም። እጄ ላይ 5 ሳጥን ሴንሰር አለ። ይበቃል ወይ? የት ይቀመጥ? ፍተሻ ላይ አውልቂ ቢሏትስ? አባቷ ሰው ጥሩ ነው፣ ግን መርፌ ሲያይ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ደግሞ ሪደሩ በነጥብ ነው የሚያወራው፤ 8.4 ምናምን ይላል። እዚህ ሐኪሟ 150 ትለኛለች። እስካሁን በግምት ነው የምሄደው። እንቅልፍ አጥቻለሁ። እናት፣ ከቱሉ ዲምቱ።

መልስ፦ እህቴ፣ ጎረቤቶች ነን እኮ። ቀርበሽ ቡና እየጠጣን ብናወራው ይቀለን ነበር። ለማንኛውም ሂሳቡን እናስቀድም።

አንዱ ሊብሬ 2 ክንድ ላይ የሚቆየው 14 ቀን ነው። 45ን ለ14 ብታካፍዪ 3 ሞልቶ ትንሽ ይተርፋል፤ ስለዚህ 4 ያስፈልጋታል። 5ኛው ትርፍ ነው። ወረቀት ላይ ይበቃል። ክንድ ላይ ግን ሌላ ነው። የበር ጠርዝ አለ። የቦርሳ ማንገቻ አለ። ጠባብ የሠርግ ቀሚስ እጅጌ አለ። ከሁሉም በላይ እስክስታ አለ፤ ከየአቅጣጫው የሚያቅፍና የሚገፋ ዘመድ አለ። ሁለት ቢወድቅባት አልቋል። ስለዚህ ልጅሽ የምትሄደው 5 ሴንሰር ይዛ ሳይሆን 5 ሴንሰርና ያለ ሴንሰር የምትኖርበትን ዕቃ ይዛ ነው። ይህን የምልሽ ቀምሼው ነው።

ከ6 ዓመት በፊት የአጎቴ ልጅ ጀርመን አገር ሲመረቅ ሄጄ ነበር። 3 ሴንሰር ነበረኝ። አንዱ ክንዴ ላይ፣ ሁለቱ ሻንጣ ውስጥ። ለምን ሻንጣ ውስጥ አትዪኝም? ሳጥኑ ቦታ ይይዛላ! የእጅ ቦርሳዬ ደግሞ በበርበሬና በሽሮ ተሞልቷል። በርበሬውን እቅፌ ውስጥ አድርጌ ሴንሰሩን ከታች ላክሁት። አይ የኔ ነገር። ፍራንክፈርት ስደርስ ሻንጣው የለም። የአየር መንገዱን ስም አላነሳም፤ ሻንጣዬ በ4ኛው ቀን መጣ። ይሄ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ባቡር ላይ የአንድ ጎረምሳ ቦርሳ ክንዴን ገጨኝና ሴንሰሩ ተላቀቀ። በአንድ ክር እንደቀረ የኮት ቁልፍ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ቅዳሜ ማታ ነበር። ጀርመን እሁድ ፋርማሲ ዝግ ነው፤ ተረኛ የሆኑት ብቻ ናቸው የሚከፍቱት። የዘመዶቼ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የባኞው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ የስትሪፕ (የጣት ደም ተነክቶበት መለኪያው ውስጥ የሚገባው ቁራጭ) ብልቃጤን መዳፌ ላይ ገለበጥኩት። 11 ፍሬ። ውጭ ሳቅና ሙዚቃ አለ፣ እኔ እንደ ቆሎ ስትሪፕ እቆጥራለሁ። ከእንቅልፍ በፊት አንድ፣ ሌሊት አንድ፣ ከቁርስ በፊት አንድ እያልኩ በጣቴ አሰላሁ። ሰኞ ፋርማሲ ስሄድ ለእኔ መለኪያ የሚሆን ስትሪፕ አልነበራቸውም። ስትሪፕ የራሱን መለኪያ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ የሌላውን አይሆንም። አዲስ መለኪያ ከነስትሪፑ ገዝቼ ወጣሁ። ያ መለኪያ እስከ ዛሬ ኮሞዲኖዬ ላይ አለ።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ሕጌ ይሄ ነው። ሴንሰር፣ ኢንሱሊን፣ ስትሪፕ፣ መርፌ ሻንጣ አይገቡም። አንድም አይገባም። ሻንጣ መጥፋቱ ብቻ አይደለም፤ ከታች የሚጫነው ዕቃ በጣም ሊቀዘቅዝ ይችላል። ኢንሱሊን አንዴ በረዶ ከሠራ በኋላ ቢቀልጥም አይሆንም፣ ይጣላል። የእጅ ቦርሳም ቢሆን ለሁለት ይከፈል። 2 ሳጥን በአባቷ ቦርሳ፣ 2 በራሷ ቦርሳ፣ አንዱ ክንዷ ላይ። ኢንሱሊኑንም እንደዚሁ። አንዱ ቦርሳ ታክሲ ውስጥ ቢረሳ በሌላው ያድራሉ።

ስትሪፕ ስንት? ሴንሰሩ ጨርሶ ባይኖር በቀን ቢያንስ 4 ጊዜ ትለካለች እንበል፤ 45 ቀን 180 ይሆናል። ይህን ሁሉ ተሸከሚ አልልሽም። 100 ያዢ፣ ማለትም ባለ 50 ሁለት ብልቃጥ። ሊብሬ 2 ሪደር ራሱ የራሱ ዓይነት ስትሪፕ የሚገባበት ቀዳዳ ከታች አለው፤ ብዙ ሰው አያስተውለውም። ግን ሪደሩ ራሱ ቢጠፋስ? የለመደችውን መለኪያ ከነባትሪው አስቀምጪላት።

አሁን ክንዷ ላይ ያለው መቼ ይቀየር? ከበረራው 2 ቀን በፊት አዲሱን አድርጊላት። በበረራው ጠዋት አይሆንም። ከተለጠፈ በኋላ 1 ሰዓት ምንም ቁጥር አይሰጥም፣ የመጀመሪያው ቀን ቁጥርም ትንሽ ይዋልላል። እንደዚያ እየዋለለ ሰማይ ላይ ይዋልል ለምን? በዚህ ሂሳብ የመጀመሪያው እስከ 12ኛው ቀን ያደርሳታል፣ ቀጣዮቹ ሦስት ደግሞ እስከ 54ኛው። ስትጀምሩት መጀመሪያ በሪደሩ አስጀምሩት። ስልክ መጨመር ካማራችሁ በዚያው 1 ሰዓት ውስጥ በስልኩም ስካን አድርጉ፣ ማለትም ስልኩን ወደ ሴንሰሩ አስጠጉት። መጀመሪያ በስልክ ከተጀመረ ሪደሩ በዚያ ሴንሰር ላይ አይሠራም፤ ስልኩ ባትሪ ሲጨርስ ጉድ ይፈላል።

ሪደሩን ዛሬ ነገ ሳትዪ መብራት ሲመጣ ሰክተሽ ሙዪው። እናንተም ሰፈር እንደኛው መሆኑን አውቃለሁ፤ የመጨረሻዋ ማታ ነው ሁልጊዜ የሚጠፋው።

ወደ ቦሌ እንሂድ። ገና በሩ ላይ ዕቃ በማሽን ያልፋል፣ ወደ ውስጥ ደግሞ ሌላ ፍተሻ አለ። ጫማ፣ ቀበቶ፣ ያው ታውቂዋለሽ። እንደ በር መቃን በቆመው የብረት መፈተሻ ሴንሰሩን እንደለበሰች ማለፍ ትችላለች። እጅ ወደ ላይ አድርገው የሚቆሙበት፣ መስታወት ክፍል የሚመስለው ስካነር ግን ይለያል። የሊብሬ 2 መመሪያ በዚያ እንዳታልፉ፣ ሌላ ዓይነት ፍተሻ ጠይቁ ይላል። አውልቂ የሚላት ካለ አይወለቅም፤ የተለጠፈ ሴንሰር አንዴ ከተነሳ ተመልሶ አይለጠፍም። በእጅ ዳብሰው ይፈትሿት። አባቷ እንግሊዝኛው ባይሆንለት “ሜዲካል ዲቫይስ” የምትለዋን ይያዝ፣ በጣቱ ክንዷን ያሳይ። ይበቃል። ያልተከፈቱት ሳጥኖች በዕቃ ማሽን ስለማለፋቸው ካሰጋሽ ከሳጥኑ ውስጥ ያለውን መመሪያ እዪ፤ በእጅ ይታይልኝ ብሎ መጠየቅም ነውር የለበትም።

የሐኪም ደብዳቤ ከወዲሁ አስጽፊ። በእንግሊዝኛ፣ በማኅተም፣ ኢንሱሊኑ፣ መርፌው፣ ሴንሰሩ፣ ስትሪፑ ሁሉ በስሙ ተጠርቶ። ሁለት ኮፒ ይሁን። ፈሳሽ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ አይገባም የሚለው ደንብ ለመድኃኒት ላላ ይላል፣ ግን አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። ስኳሯ ሲወርድ የምትወስደውን ነገር ጁስ ከምታደርጊው ከረሜላና ስኳር አድርጊው፤ ማንም አይከራከርበትም። ኪሷ ውስጥ ይሁን። ቦርሳው ከላይ ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ተቆልፎ፣ ቀበቶ እሰሩ የሚለው መብራት በርቶ ስኳር ቢወርድባት ማን ሊነሳ ነው?

የአውሮፕላን አየር ሴንሰሩን ይጎዳው ይሆን ብለሽ እንዳትሰጊ። ቦሌ ራሱ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ነው። አውሮፕላን ውስጥ የሚስተካከለው አየር ደግሞ ቢበዛ የ2,400 ሜትር ከፍታ አየር ነው። ልጅሽ ከተወለደች ጀምሮ እዚያው አየር ላይ ነች።

ይልቅ መቀመጫውን አስቢበት። ሴንሰር ያለበት ክንድ ላይ ተደግፎ ሲተኛ ደም ወደዚያ ቦታ በደንብ አይደርስም፣ ሪደሩም ያልወረደውን ስኳር ወርዷል ብሎ ይጮኻል። ግራ ክንዷ ላይ ከሆነ በግራ በኩል መስኮት አጠገብ አትቀመጥ፤ ተደግፋው ትተኛለች። ከጮኸ መጀመሪያ ክንዷን አንሱት፣ ከዚያ ጣቷን ለኩ። የሚያንቀጠቅጥ፣ የሚያልብ ነገር ካለ ግን መለኪያ ፍለጋ አይኬድም፣ ስኳሩን ትውሰድ። ሴንሰሩ የሚያነበው ከቆዳ ሥር ያለውን ፈሳሽ ስለሆነ ከደሙ ጥቂት ደቂቃ ወደኋላ ይቀራል። ስኳር በፍጥነት ሲወርድ ያቺ ጥቂት ደቂቃ ብዙ ናት።

ሌላው፣ ሴንሰሩ የሚያስታውሰው 8 ሰዓት ብቻ ነው። በየ8 ሰዓቱ ስካን ካልተደረገ የበፊቱ ይጠፋል። የቶሮንቶ በረራ ከዚያ ይረዝማል፣ አባቷም ይተኛል። ስልኩ ላይ በየ3 ሰዓቱ ማንቂያ ይሙላ። ሪደሩን ከፊት ወንበር ኪስ ውስጥ እንዳታስቀምጡት፤ ያ ኪስ የሰው ዕቃ መቃብር ነው። በገመድ አንገቷ ላይ አንጠልጥይላት።

አሁን ወደ ዋናው ፍርሃቴ ልምጣ። ሰዓት።

ቶሮንቶ በሐምሌ ከእኛ 7 ሰዓት ወደኋላ ነች። ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ያ ቀን 31 ሰዓት ይሆናል ማለት ነው። ደብዳቤሽ ላይ የኢንሱሊኗን ዓይነት አልጻፍሽልኝም። ጠዋትና ማታ የሚወጋው ኤንፒኤች የሚባለው ኢንሱሊን ከሆነ 31 ሰዓቱን አይሸፍንም፣ መሀል ላይ ክፍተት ይመጣል። ያን ክፍተት በምን እንደሚሞሉት የምትነግርሽ ሐኪሟ ናት። የበረራ ትኬቱን ይዘሽ ሂጂ፣ የሚነሳበትንና የሚያርፍበትን ሰዓት አሳያት፣ በወረቀት ላይ ጻፊልኝ በያት። ስትመለስ ደግሞ ቀኑ ያጥራል፤ ለዚያም ሌላ ወረቀት።

ወረቀቱ ላይ ታዲያ “1 ሰዓት” ተብሎ እንዳይጻፍ! ይሄ የኛ ሰዓት አገር ውስጥ ደግ ነው፣ ውጭ ግን ጣጣ ያመጣል። አባቷ “1 ሰዓት ላይ ትወጋለች” ብሎ ለአክስቷ ባል ቢነግር፣ እዚያ ያደገ ሰው ከምሳ በኋላ ያለውን 1 ሰዓት ሊይዝ ይችላል። 6 ሰዓት ልዩነት፣ በኢንሱሊን! “ጠዋት ከቁርስ በፊት”፣ “ማታ ከእራት በፊት” ተብሎ ይጻፍ። ሪደሩም ሰዓቱን በራሱ አይቀይርም፣ ሲደርሱ አባቷ ያስተካክለው።

የነጥቧ ነገር ቀላል ናት። ካናዳ የሚለኩት በሚሊሞል ነው፣ እኛ በሚሊግራም። ሪደሩ የመጣው ከዚያ ስለሆነ የእነሱን ያወራል። በ18 አባዢው። 8.4 በ18 ሲባዛ 151 ነው፤ አየሽ፣ ሐኪሟም ሪደሩም አልዋሹሽም። ፍሪጅሽ በር ላይ ይሄን ለጥፊ፦ 4 ማለት 72፣ 10 ማለት 180፣ 15 ማለት 270። የምትለጥፊው ለራስሽ ነው። ሌሊት ስልክ ተደውሎ “15 ሆነ” ሲሉሽ 15 ቀረላት ብለሽ እንዳትጮኺ።

በዓሉ ላይ የሚበላውን ልተወው፣ ይህን ታውቂዋለሽ። አንድ ነገር ብቻ። ውጭ ያሉ አክስቶች ልጅ ሲያስነጥስ ቪታሚን ሲ እንደ ከረሜላ ነው የሚያድሉት። በቀን ከ500 ሚሊግራም በላይ ከሆነ ሊብሬ 2 ላይ ቁጥሩን ከእውነቱ በላይ ሊያወጣው ይችላል። ሳይወጣ ወጥቷል ተብሎ ኢንሱሊን ቢጨመርላት አስቢው። አስቀድመሽ ለእህትሽ ንገሪያት። ሌላው መኪና ነው። እኛ ክረምት ላይ ነን ብላችሁ እንዳትረሱ፣ እዚያ በሐምሌ ፀሐይ ነው። ሴንሰርና ኢንሱሊን ቆሞ በተዘጋ መኪና ውስጥ አይተውም።

ስለ አባቷ። ሰውየው ፊቱን ወደ ግድግዳ እያዞረ ቶሮንቶ ድረስ መሄድ አይችልም። ከዛሬ ጀምሮ እስከ ጉዞው ድረስ ስካን የሚያደርገው፣ ጣት የሚወጋው እሱ ይሁን። አንቺ ወጥ ቤት ግቢ። የሚቀጥለውን ሴንሰር አንቺ አጠገቡ ሳለሽ እሱ ይለጥፈው። ተሳስቶ አንዱን ቢያበላሽ ቱሉ ዲምቱ ላይ ያበላሸው። ልጅቷም 12 ዓመቷ ነው፣ ከሁላችሁም ይልቅ ታውቀዋለች፣ እሷም ታሠልጥነው። ከሄዱ በኋላ የሪደሩን ፎቶ በቴሌግራም በቀን ሁለቴ ይላክልሽ። ከሁለቴ በላይ አትጠይቂ። እኔ እናቴ በየሰዓቱ እየደወለች ስኳሬን በንዴት ታወጣው ነበር።

5ቱ ይበቃል ወይ ላልሽው፦ የምትሄደው ሴንሰሩ ወደሚመጣበት አገር ነው፣ ስለዚህ እዚያ ቢያልቅ ፋርማሲ አለ። ለጎብኚ ሙሉ ዋጋ ነው፣ የጉዞ ኢንሹራንስ ስትገዙም ቀድሞ የነበረን በሽታ ይሸፍን እንደሆነ ጠይቁ። ብልሽት ያለበት ሴንሰር ካጋጠማቸው ሳጥኑን አይጣሉት፣ መለያ ቁጥሩ ላዩ ላይ ነው፤ ደውለው ቢነግሩ አምራቹ ብዙ ጊዜ ይተካል። የሚረሳው መመለሻው ነው። 5ቱ ካለቀ ቱሉ ዲምቱ ሲደርሱ ስንት ቀረ? እህትሽ ለመስከረምና ለጥቅምት የሚሆነውን አሁኑኑ እንድትገዛ ንገሪያት፣ አባቷ በእጁ ይዞት ይምጣ። የሚያበቃበት ቀን የተጻፈው በእነሱ አቆጣጠር መሆኑን እንዳትረሺ።

ጥያቄ፦ ከባድ መኪና ነው የምነዳው፣ ጅቡቲ ነው መስመሬ። ኢንሱሊን እወጋለሁ። ወንድሜ ከውጭ ሴንሰር ይልክልኛል፣ ግን አዋሽን ሳልፍ በላብ ተላቅቆ ይወድቃል። ሁለት ከሰርኩ። ምን ላድርግ? ሾፌር፣ ከገላን።

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ የትኛው ክንድህ ላይ ነው የምትለጥፈው? ግራ ከሆነ ወደ ቀኝ አዙረው። መሪህ በግራ ነው፣ ግራ ክንድህ መስኮት ላይ ፀሐይ ይጠብሰዋል፣ ቀበቶውም በግራ ትከሻ ነው የሚመጣው።

አለጣጠፉ ላይ፦ ገላን እያለህ ማታ ታጠብ፣ ፀጉር ካለ ላጨው፣ በአልኮል ጥረገው፣ እስኪደርቅ ጠብቅ። ቅባት የሚባል አይነካው። ለጥፈህ እደርበት፣ ሙጫው ሌሊቱን ይይዛል። እየተነሳህ ለጥፈህ አዳማ መንገድ ላይ ላብ ከጀመረህ ግን ምን ይያዝ? ዙሪያውን በሕክምና ፕላስተር ማጠናከር ትችላለህ፣ መሀል ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ ግን አትሸፍናት።

ክንድህ ላይ ያለው እስከ 45 ዲግሪ ይሠራል። ሳጥን ውስጥ ያለው ግን እንደዚያ አይችልም። የቴርሞሜትር ሥዕል አጠገብ ጣሪያው ተጽፏል፣ አብዛኛው ከ25 እስከ 30 ነው። ጅቡቲ በሐምሌ ከ40 በላይ ነው፣ የቆመ ጋቢና ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ትርፉን ሴንሰር ቤት ትተህ አንድ ብቻ ያዝ። ኢንሱሊኑን እኔ መብራት ሲጠፋ እንደማደርገው አድርግ፦ ትንሽ የሸክላ ማሰሮ፣ ውጭውን እርጥብ ጨርቅ፣ ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ። ውሃው ሲተን ያቀዘቅዘዋል። አፋር ላይ አየሩ ደረቅ ስለሆነ በደንብ ይሠራል፤ ባሕሩ ዳር እርጥበት ሲኖር ይደክማል። ሞተር ሽፋኑ አጠገብ እንዳታስቀምጠው። በሙቀት የተጎዳ ኢንሱሊን ሲያዩት ደህና ሊመስል ይችላል፤ ያለ ምክንያት ስኳርህ አልወርድ ካለ ብልቃጡን ጠርጥር።

ደግሞ ሳትጠይቀኝ ልናገር። ስኳር ከ70 በታች ሆኖ መሪ አይያዝም። እንግሊዝ አገር ለአሽከርካሪ የሚሰጠው መመሪያ ከ90 በታች ከሆነ ቀድመህ ቅመስ፣ ከወረደብህ ደግሞ ወደ ቦታው ከተመለሰ በኋላ 45 ደቂቃ ሳትነዳ ቆይ ይላል፤ ቁጥሩ ቢስተካከልም አእምሮ ወዲያው አይመለስም። ወረፋ ያመልጠኛል እንደምትል አውቃለሁ። ያምልጥህ። ሪደሩ ላይ ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት ካየህ ቁጥሩ ደህና ቢሆንም አቁም።

ጥያቄ፦ ቴሌግራም ላይ ሴንሰር በግማሽ ዋጋ የሚሸጥ አገኘሁ። ከአገር ልወጣ ስለሆነ ብዙ ልገዛ አሰብኩ። ልግዛ? ተማሪ፣ ከቡራዩ።

መልስ፦ የሳጥኑን አራት ጎን ፎቶ አስልኪ። የሚያበቃበት ቀን ተፍቆ ወይም ስቲከር ተለጥፎበት ከሆነ ተዪው። ቀኑ ደህና ከሆነ የት እንዳስቀመጠው ጠይቂው፤ “ሱቅ ውስጥ፣ መስኮቱ ላይ” ካለሽም ተዪው። ካመንሽው እንኳ አንድ ብቻ ግዢ። እዚሁ ቡራዩ፣ ከመሄድሽ በፊት፣ በአንቺው ሪደር ወይም ስልክ አስጀምሪው። ከሌላ አገር የመጣ ሴንሰር ከአንቺ አፕ ጋር ላይስማማ ይችላል፤ ያን የምታውቂው ከፍተሽ ስትለጥፊው ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት በቀን ሁለቴ ጣትሽን እየለካሽ አስተያዪው፣ ጻፊው። ከዚያ ስለቀሩት እናወራለን። ውጤቱን ጻፊልኝ።